ታንከሩ ገና አልሞቀም

ይድረስ በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁት፣ ዛሬ ግን በወረቀት ካልሆነ ለማልደርስበት ወንድሜ።

እንደምን አለህልኝ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነዝርህ ጉልበትህ እንዴት ነው? ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ስትስቅ ያንቅሃል? አንገትህን ሸፍነህ ትወጣለህ ወይስ እንደ ጎረምሳ ደረትህን ለንፋስ ሰጥተህ ነው የምትሄደው? ባለቤትህ ደህና ናት? የልጅህ ጥርስስ ስንት ሆነ? ቆጥረህ ጻፍልን፤ እናታችን በጎረቤት ፊት «ሁለት» ስትል ከርማ አሁን በራሷ ሥልጣን ወደ አራት አሳድጋዋለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የኔ ወገብ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ከማለቱ በቀር የምናማርረው ነገር የለንም።

ሦስት ወር ሙሉ ዝም ማለቴን እንደ መርሳት አትቁጠርብኝ። ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር ነበር፤ ሳይበስል በአፌ እንዳላበላሸው ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አሁን በስሏል። ወንበር ሳብና ተቀመጥ። ያ አንተን ከእናትህ ደጅ ነቅሎ የጣለህን ሰውዬ አገኘሁት። እጄን አላነሳሁበትም፣ አንዲት ክፉ ቃልም አልተናገርኩትም፤ ግን አገኘሁት።

አንተ የምታውቀውንም ከሥሩ ነው የምጽፈው፤ ለባለቤትህ አንብብላት። ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ግማሹ አይታመንም፤ ያገባችው ሰው የጎረቤት ጓሮ ያቃጠለ ሰካራም አለመሆኑን ከእኔ ትስማው። እንዲህ በላት። እኛ ሰፈር በስተኋላ አንድ ፋብሪካ አለ። ገበሬ ድሮ ከአጨዳ በኋላ እሳት ለቆ የሚያነደውን ገለባ፣ የበቆሎ አገዳና ፍሬው የተፈለፈለ ቆረቆንዳ እየገዛ በሶዳ ውሃ ይቀቅለዋል። ቃጫ ቃጫው ለካርቶን ሠሪዎች ይሄዳል። የሚቀረው ጥቁር ውሃ ነው፤ ሊግኒን የሚባለው ነገር እዚያ ውስጥ ተደብቋል። ሊግኒን ማለት አገዳን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የተፈጥሮ ሙጫ ነው። ጥቁሩ ውሃ አሲድ ሲጠጣ ሙጫው ተለይቶ እንደ ቡናማ ጭቃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያንን በጨርቅ አጥልለን፣ አጥበን፣ አድርቀን ዱቄት እናደርገዋለን። ኮምፔንሳቶ የሚሠሩ ሰዎች ለጣውላቸው ማጣበቂያ አጥብቀው ይፈልጉታል። ሥራው ይኸው ነው፤ የሚጣል ነገር ወደ እንጀራ መለወጥ።

አንተ የትልቁ ታንከር ሠራተኛ ነበርክ። የምርት ኃላፊው ደግሞ ያ የፋብሪካው ሽታ እንዳይነካው ጠዋት ጠዋት ግማሽ ጠርሙስ ሽቶ የሚደፋ ሰው ነው፤ እኛ ሴቶቹ ሽቶው ነው የምንለው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ቀን ባለፋብሪካው ሊጎበኝ ይመጣል ሲባል፣ ሽቶው ሥራው አልቆ እንዲታይለት ቸኩሎ አሲዱን ባንዴ ልቀቀው አለህ። አንተ እጅህን ታንከሩ ሆድ ላይ አሳርፈህ «ጌታዬ፣ ገና አልሞቀም» አልከው። አልሰማህም፤ ራሱ ለቀቀው። አሥራ ሁለት ሺህ ሊትሩ በሙሉ ወደ ንፍጥ ተለወጠ። ባለፋብሪካው ሳያይ ይፍሰስ ብሎ የታችኛውን መውጫ አስከፈተና ያ ሁሉ አሲድ በቦዩ ወርዶ በአሥራ አንድ ቤት ጓሮ ገባ። ጎመኑ ነጣ፣ ቃሪያው ተቃጠለ፣ የፀጉር አስተካካዩ ሁለት ፍየሎች ጠጥተው ሞቱ። ማታውን ሽቶው ከረባቱን አስተካክሎ በየቤቱ ዞረ፦ «ልጁ ሰክሮ አሲዱን ከፍቶ ተኛ» አለ። በሕይወትህ ከለስላሳ ሌላ ያልቀመስከውን አንተን! ሰውም አመነ፤ አንተም ከሥራ ተባረህ፣ ጎረቤት እንዳያይህ በጓሮ በኩል ወጥተህ አገር ለቀህ ሄድክ። ከረባት ያሰረ ሰው ሲዋሽ ውሸቱም ከረባት ያስራል።

አንተ በሄድክ በሦስተኛው ወር ለማጠቢያ ክፍል ሴት ይፈለጋል ተባለና ሄድኩ። እናታችን «ከጅቡ ጎሬ ልትቀጠሪ?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ሽቶው የማን እህት እንደሆንኩ እያወቀ ቀጠረኝ፤ ለሰው አዛኝ መስሎ ሊታይ። «እኛ ቂም አንይዝም» አለኝ ፈገግ ብሎ። አየህልኝ? በዳዩ እሱ፣ ይቅር ባዩም እሱ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አልኩ በሆዴ፤ በአፌ ግን «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አልኩ።

ከዚያ ጠበቅሁ። ጨርቅ ስፍቅ፣ ጭቃ ስጠርግ፣ እጄ እስኪላጥ ጠበቅሁ። ሰውዬውን አጠናሁት። ሦስት ነገር ገባኝ፦ ታንከር በእጁ አይነካም፣ የሴት ምክር በሰው ፊት አይሰማም፣ ከበር ኋላ ሆኖ የሰማውን ግን የራሱ ነው ይላል። አምና የመጨረሻውን እጣቢ ከመድፋት ለቀጣዩ ቅቀላ እንመልሰው ያልነው እኛ ነበርን፤ በማግሥቱ የእሱ ሐሳብ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ አዲስ የሚዞር የቢሮ ወንበርም አገኘበት። ሳቂታዋ፣ ከጎኔ የምትሠራዋ፣ «ቆይ ብቻ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሲዞር አንድ ቀን ራሱን ያዞረዋል» ትላለች። እሷ ካልሳቀች ታማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ጭቃው አልጠል ብሎ ጨርቁን ሲደፍን ሁልጊዜ እንደሚያስለቅሰን ታውቃለህ። አንድ ሰኞ ግን በትንሹ ታንከር ጭቃው እንደ ወንዝ አሸዋ ፍስስ እያለ ጠለለልን። ተያየን። ለካ ሳቂታዋ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ስትቸኩል አንድ ባልዲ ጭቃ ሳታወጣ ትታው ሄዳለች። «ልትቆጪኝ ነው?» አለችኝ። «ልስምሽ ነው!» አልኳት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ግን እርሾ ምን እንደሚሠራ ማንም አያስተምረኝም። የትናንቱ ጭቃ ለዛሬው እርሾ ሆኖት ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተጠጋ ፍሬ ይሠራል። ከዚያ በኋላ እየሞከርን አወቅነው። ታንከሩ እጅ ተደርጎበት አምስት ሳይቆጠር እስኪያስነሳ ድረስ ይሙቅ። አሲዱ እንደ ክር ቀጥኖ ይውረድ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የትናንቱ ባልዲ ይግባበት። በቃ። አሲዱም ቀነሰ፣ የማጠቢያው ውሃም በግማሽ ቀነሰ።

ለሽቶው አልነገርነውም። አራታችንም አጣቢዎች ተማማልን። አንድ ጨርቅ በሚያልቅበት ጊዜ አራት ስንጨርስ አይቶ መጣ፤ በሩ ላይ አፍንጫውን ይዞ «ምን አድርጋችሁ ነው?» አለ። እኔ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ «ኧረ ምንም ጌታዬ፣ የእርስዎን መመሪያ ተከትለን ነው» አልኩት። ሐሰት አልነበረም፤ መመሪያው ግድግዳው ላይ ነበር፣ እኛም ከፊቱ ቆመን ነበር። ሰው የሚፈልገውን ሲነግሩት አይጠይቅም። እንደ ጣዎስ ተነፍቶ ሄደ። በሳምንቱ «አዲሱ የእኔ ዘዴ» የሚል ወረቀት ጽፎ ለባለፋብሪካው ላከ፣ የኮምፔንሳቶዎቹም ሰዎች በትልቁ ታንከር ሲሠራ አይተው በብዛት ሊዋዋሉ ተጠሩ።

ምሥጢሩን ሳያውቅ በሰው ፊት ሊሠራ ነውና፣ ያን ጊዜ እንቅልፍ አጣሁ ብልህ አላጋንንም። ባለቤቴ ሱሪ እየጠቀመ «እሱ ይወድቃል፤ ግን ሰዎቹ ከሄዱ አርባ ቤተሰብ ይዞ ነው የሚወድቀው» አለኝ። እውነቱን ነው። እናታችን ደግሞ «ለፈጣሪ ተዪው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ። «እኔ መቼ ጸለይኩ፣ እኔ እየሠራሁ ነው» አልኳት። ቂሜ ለእሱ እንጂ ለጎረቤት ጓሮ አይደለም። ስለዚህ ቀኑ ሳምንት ሲቀረው ለጥገናው ሰው ነግሬ የቦዩን መውጫ በሰንሰለት አስቆለፍኩ፤ ቁልፉ በኪሴ ነው። ከሶዳው ውሃ ሦስት በርሜል አስቀመጥን። እርሾም ሦስት ባልዲ ሸፍነን ከጨርቁ ክምር ኋላ ደበቅን። የተበላሸ ሊግኒን በሶዳ መልሶ እንደሚሟሟ ከራሳችን ስህተት ተምረን ነበርና፣ የሚዋረደው ሰውዬው ብቻ እንዲሆን አመቻቸሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋቱ የሚቀዘቅዝ ነበር። ባለፋብሪካው፣ ነጭ ፀጉሩን አበጥሮ፤ የኮምፔንሳቶዎቹ ሦስት ሰዎች፣ አንዷ መነጽር ያደረገች ባለሙያ፤ ሽቶው በአዲስ ሱፍ። ፎቶ አንሺ ሳይቀር አምጥቷል! እኛን ግድግዳ ጥግ አሰለፈን። የአሲዱን ቧንቧ በገዛ እጁ ሊከፍት ነው፤ ፎቶ ነዋ። ታንከሩ ከተሞላ ገና ሰዓት አልሆነውም። ሄድኩና እጄን ሆዱ ላይ አሳረፍኩ፤ አምስት ቆጠርኩ፣ አሥር ቆጠርኩ፣ ሃያ። ከዚያ በሁሉም ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል ያንተን ቃል አልኩት፦ «ጌታዬ፣ ገና አልሞቀም።»

እንደማይሰማኝ ስለማውቅ ነው የነገርኩት። እሰማለሁ ቢል ኖሮ በቀሌን እዚያው ውሃ ይበላው ነበር። እሱ ግን ወደ እንግዶቹ ዞሮ ሳቀ። «አጣቢዎቻችን ወጥ የሚሠሩ ይመስላቸዋል» አላቸው። ለእኔ ደግሞ «ወደ ጨርቅሽ ተመለሺ!» አለኝ። ተመለስኩ። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደተመለስኩ! ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ፎቶ ተነሳ።

መጀመሪያ አረፋው ተነሳ። ቀጥሎ ማማሰያው ማቃሰት ጀመረ፤ ከዚያ ቆመ። ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ አይታ «ይህ እኮ ረግቷል» አለች። ሽቶው «ሲጣራ ይስተካከላል» ብሎ ፓምፑን አስነሳ። ጨርቆቹ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፉ፤ አንዱ ጧ! አለና ያ ንፍጥ ከከረባቱ እስከ ጫማው አለበሰው። አይዞህ፣ ወዲያው ውሃ ደፋንበትና አላቃጠለውም። ሽቶው ግን ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ሽቶ ሆኖ አያውቅም። ሳቂታዋ አፏን በጨርቅ ጠቅጥቃ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ምን እንዳደረገ ልንገርህ? ዓይኑን ጠርጎ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፦ «ይቺ ናት! አንድ ነገር ጨምራበት ነው!» ከዚያም «መውጫውን ክፈቱ፣ ይፍሰስ!» ብሎ ጮኸ። ያው ነገር፣ ያው ጣት፣ ያው ቦይ። እኔ ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። «ዛሬ አይፈስም» አልኩት። «ያን ጊዜ ወንድሜን ያባረርክበት ንፍጥ ይኸው ነው። እሱም ገና አልሞቀም ብሎህ ነበር። ዛሬ ቧንቧውን የከፈተው ማን ነው? ፎቶውን እናምጣ?» አልኩ። እሱን «አንተ» ማለቴን ልብ ያልኩት በኋላ ነው፤ ለካ «እርስዎ»ው አብሮ ፈሷል።

ባለሙያዋ «ሴትዮዋ ማስጠንቀቋን እኔም ሰምቻለሁ» አለች። ያን ጊዜ ቦይለር ጠባቂው ከበሩ ጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። ያውቅሃል፣ ምሳ አብራችሁ ትበሉ የነበረው። «ያን ቀንም እሱ ራሱ ታንከሩን የሚያሞቀውን እንፋሎት እንዳትሰጥ ብሎኝ ነበር፤ ልጁ አልጠጣም» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አፉ ውስጥ ይዟት ኖሮ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የዚህ ሰውዬ ንጋት ግን በጣም ያረፍዳል። እሱንም ይቅር አላልኩትም፤ ሰላምታ ብቻ እሰጠዋለሁ፣ እሷንም በቆጠራ።

ታንከሩን አዳንነው። ሶዳውን ጨምረን አሟሟነው፣ አሞቅነው፣ እርሾውን ጨመርን፣ አሲዱን በክር አወረድነው። ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለት ሺህ ሊትሩ እንደ አሸዋ ጠለለ፤ ባለሙያዋ ጭቃውን በጣቷ እያሸች ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝና ጻፈች። ከውሉ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች፤ ገበሬው ገለባውን ሁሉ ሸጦ መሬቱን ራቁቱን እንዳያስቀር፣ ሲሶው ማሳው ላይ ይቅር ብላ። ባለፋብሪካው እሺ አለ። ተዋዋሉ።

ሽቶውን ሊያባርረው ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። አትደንግጥ፣ አዝኜ አይደለም። «ከተባረረማ ተገላገለ» አልኳቸው፤ «ነገ ሌላ አገር ሽቶውን ተቀብቶ አለቃ ነው። እኛ ዘንድ ጨርቅ ይፋቅ። ደግሞ አሥራ አንዱንም ቤት ራሱ ዞሮ፣ በዚያው አፉ፣ ያወራውን ይመልስ። አለዚያ ነው የምታባርሩት።» ባለፋብሪካው ፊቴን ትክ ብሎ አየና «አንቺን ጠላት ከማድረግ ፈጣሪ ይጠብቀኝ» አለ። የሽቶው ሚስት እቤት ድረስ መጥታ ለመነችኝ፤ ልጆች አሉት አለች። አስገብቼ አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት። «ለልጆችሽ ብዬ ነው ሥራ ላይ ያስቀረሁት። ለወንድሜ ብዬ ደግሞ ይዞራል» አልኳት። አልቅሳ ሄደች። አላሳዘነችኝም ብልህ ውሸት ነው፤ ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ባለበት ሰዓት፣ ከቦዩ ራስ ጀመርን። እሱ ከፊት፣ እኔ አምስት እርምጃ ከኋላ። «ጓሯችሁን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አልጠጣም፣ ዋሽቼ ነው» ይላል፣ በየደጁ። በሁለተኛው ቤት ሊያሳጥራት ፈለገ፤ «ዋሽቼ» የምትለዋን ዘለላት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መለሳት። ባለ ቃሪያዋ ጎረቤታችን በሩን አፍንጫው ላይ ዘጋችና ቆይታ በመስኮት ለእኔ «አንቺስ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» አለችኝ። «ነግሬሽ ነበር፤ ያኔ ከረባት አላሰርኩም» አልኳት። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የላጨውን ደንበኛ ትቶ ወጣ። የሰውዬውን አልሰማም፣ እኔን እያየ «ያን ልጅ ወንበሬ ላይ አላስቀምጥም ብዬ ነበር» አለና መቀሱን አቀርቅሮ ያይ ጀመር። አላጽናናሁትም። ይብላው።

አሥራ አንደኛው ቤት የእናታችን ነው። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላሳልፈው አስቤ ነበር፤ «ለፈጣሪ ተዪው» ስትል የከረመች ሴት፣ ትደነግጣለች ብዬ። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ማን እንደነገራት አላውቅም። እሱ ቀርቦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀስታ ተናገረ። እናታችን እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገችና «ምን አልክ ልጄ? ጆሮዬ ከበድ ይላል፤ ጎላ አድርገህ ንገረኝ» አለች።

አንተ ታውቃታለህ። ድመት ጣሪያ ላይ ስትራመድ የማን ድመት እንደሆነች የምትለይ ሴት ናት።

ጎላ አድርጎ ደገመው። «አልሰማሁም» አለች። ጎረቤት ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንገቱ ሥር ደም ሥሩ ተገትሮ፣ «ልጅዎ አልጠጣም! እኔ ነኝ ያቃጠልኩት! ዋሽቼ ነው!» ብሎ ጮኸ። መንገዱ በሙሉ ሰማ። እናታችን ግራና ቀኝ አየች፤ ማን እንደሰማ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ከዚያ ተነሥታ ወንበሯን ያዘችና «አሁን ሰማሁ» ብላ ገባች። በሩ ሲዘጋ ውስጥ እንደ ሕፃን ስታለቅስ ሰማኋት፤ ስገባ ግን ፊቷን ታጥባ «ጻፊለት። ሲመጣ በጓሮ በኩል እንደወጣው እንዳይገባ፤ በትልቁ መንገድ፣ በቀን፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ይግባ» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ለባለቤትህ ከእኔም ከእናታችንም የጠበቀ ሰላምታ አድርስልን፤ አሁን ያገባችው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ልጅህን ጉንጭ ጉንጯን ሳምልኝ፣ ጥርሷ እንዳይነክስህ ተጠንቅቀህ። ባለቤቴ በትከሻህ ልክ ኮት መቁረጥ ጀምሬያለሁ፤ ወፍረህ ከሆነ ሳይሰፋ ንገረኝ ብሎሃል። ትልቋ ልጄ እጅ ነሥታለች፣ ትንሿም አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ሳቂታዋ ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ የደብዳቤውን ግማሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየሳቀች አስጽፋኛለች። ቦይለር ጠባቂውም ሰላም በይልኝ ብሎ ነበር፤ ረሳሁት ብዬዋለሁ። ሽቶው ከትናንት በስቲያ ጨርቅ እየፋቀ ቀና ብሎ «ወንድምሽ ይመጣል?» አለኝ። «አንተ ፋቅ» አልኩት።

በፍቅር የምትናፍቅህ፣ እጇ ተልጦ ልቧ ያልተላጠ እኅትህ።

ከእናታችን ቤት፣ ወደ ትልቁ መንገድ በሚያየው መስኮት ሥር
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን